«ትልቅ ድብ፣ ትልቅ ጥይት»፦ በድብ አገር ስለ ማደን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድብን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ዳዊት በጎቹን ከአንበሳና ከድብ እንዳስጣለ ለሳኦል ሲነግረው። አላስካ ኑሮውን የመሠረተ ሐበሻ ግን ለሙስ አደን ሲነሣ ጉዳዩ ከንባብ ያልፋል። ሙስ ከአጋዘን ዘር ትልቁ ነው፤ ወንዱ ከ500 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሙስ ባለበት ጫካ ደግሞ ድብ አለ። «ምን ዓይነት ጥይት ልያዝ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ምክር አያጣም። ችግሩ የምክሩ ጥራት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ለድብ አገር ትልቁን ጥይት ነው መያዝ»

ይህ ብዙ ብር የሚያስወጣው ስሕተት ነው። ማግነም የሚባሉት ባሩዳቸው የበዛ ኃይለኛ ጥይቶች ናቸው፤ በ1912 የወጣው የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 375 ማግነምም ሆነ የ1958ቱ 338 ዊንቸስተር ማግነም ድብ ይጥላሉ፤ በዚህ አልከራከርም። እኔ የምጠራጠረው ተኳሹን ነው። የ375 ርግጫ ከተራው የ30-06 ጥይት ጋር ሲተያይ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

አንድ ወዳጄ አዲስ 338 ገዝቶ ለልምምድ ይዞኝ ሄደ። ጥይት የማጎርስለት እኔ ነበርኩ። ሦስት ከተኮሰ በኋላ ሳልነግረው የተተኮሰ ባዶ ቀለሃ አጎረስኩለት። ቃታውን ሲስብ «ቀጭ» ብቻ አለ። አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ተደፋ፤ ዓይኖቹ ጭፍን፣ ትከሻው ሽምቅቅ ብሏል። ያልጮኸ ጥይት ረገጠው። ያ እጅ ሙስ ፊት ቢቆም ሆዱን መትቶ ሰደደው ማለት ነው። የቆሰለ እንስሳ እያሳደዱ ቁጥቋጦ መግባት ደግሞ ድብ ላይ የሚጥል መንገድ ነው።

የአላስካ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ለአዳኞች የሚሰጠው ምክርም ከዚህ አይርቅም፦ ልምድ ያላቸው የአደን መሪዎች የሚወዱት ደንበኛ የሚያብረቀርቅ አዲስ ማግነም የታጠቀውን ሳይሆን ማግነም ያልሆነውን 270 ወይም 30-06ቱን አሳምሮ የሚተኩሰውን ነው።

30-06 ለእኛም ባዳ አይደለም። 30ው ካሊበሩ፣ ማለትም የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት በኢንች መቶኛ ሲሆን፣ 06ቱ የአሜሪካ ጦር ጥይቱን የተቀበለበት 1906 ነው። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተዋጋበት ኤም ዋን ጋራንድ የሚጎርሰው ይህንኑ ነው።

«ካሊበሩ አንድ ከሆነ ጥይት ያው ጥይት ነው»

አይደለም! የጦር ሜዳው አረር መዳብ ተለብጦ ሳይከፈት እንዲያልፍ የተሠራ ነው፤ ቀጭን ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። ለስላሳው የአደን አረር በተቃራኒው ቶሎ ይፈረከሳል፤ ለትንሽ ድኩላ ይበቃል፣ ለሙስ ትከሻ ግን አይበቃም። ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ ይህን በ1946 ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ አየው። የያዘው 300 ማግነም ነበር፤ አንድ ጭቃ የለበሰ ሙስ ላይ ቢተኩስ አረሩ ቆዳው ላይ ተበታተነና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ቀረ። ትልቁ ማግነም አላዳነውም። ቤቱ ተመልሶ በሁለት ክፍል የተከፈለ አረር ሠራ፦ መሐሉ የመዳብ ግድግዳ፣ ከፊት የሚከፈት እርሳስ፣ ከኋላ ደግሞ ክብደቱን ይዞ የሚገፋ እርሳስ። ፓርቲሽን የሚባለው ይህ አረር ዛሬም ገበያ ላይ አለ፤ ከእርሱ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የሚሠሩም መጥተዋል።

ሰው ስለ ጠመንጃው ሲከራከር ያመሽና ሱቅ ሲገባ ርካሹን ጥይት ያነሣል። እኔ ብሆን ገንዘቡን የማውለው 180 ወይም 200 ግሬን በሚመዝን እንዲህ ያለ አረር ላይ ነው። ጠልቆ መግባቱ፣ ከተቻለም በወዲያኛው ጎን መውጣቱ፣ ለድብ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጥቅጥቅ ያለው ፀጉሩና ስቡ ደሙን ስለሚመጥጡት ከአንድ ቀዳዳ ዱካ የሚሆን ደም ላይወጣ ይችላል።

«ኃይለኛ ጥይት ድቡን ወደ ኋላ ያሽቀነጥረዋል»

ፊልም ላይ። 180 ግሬን ማለት 11.7 ግራም ነው። በሴኮንድ 820 ሜትር የሚበር እንዲህ ያለ አረር 400 ኪሎ በሚመዝን ድብ ውስጥ ቢቀር፣ ድቡን የሚገፋው በሴኮንድ 2.4 ሳንቲ ሜትር ፍጥነት ነው። ከኤሊ አይሻልም። ድብን ወዲያው የሚጥለው የአንጎል ወይም የአከርካሪ መመታት ነው፤ ልቡና ሳንባው የተመታ ድብ ደሙ እስኪያልቅ ለጥቂት ሴኮንዶች ሊሮጥ ይችላል።

«የድብ ራስ ቅል ጥይት ያነጥራል»

በ1953 ቤላ ትዊን የተባለች የክሪ ብሔረሰብ እናት ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ፣ ስሌቭ ሌክ አጠገብ፣ ግዙፍ ግሪዝሊ የሚባል ቡናማ ድብ ጎን ራሱን መትታ የጣለችው ጥንቸል በሚታደንበት 22 ካሊበር ነው። ማንም እንዳይሞክረው! ነገሩ አጥንቱ የማይበሳ አለመሆኑን ያሳያል እንጂ 22 ይበቃል አይልም። ራስ ላይ አትተኩስ የሚባለው አንጎሉ ለዚያ ሁሉ ራስ ትንሽ ስለሆነና የሚሮጥ ድብ ራሱን ስለሚያወዛውዝ ነው።

«ጠመንጃ ይዤ ምን እፈራለሁ?»

የድብ ተመራማሪው ቶም ስሚዝና ባልደረቦቹ በአላስካ ከ1883 እስከ 2009 ጠመንጃና ሽጉጥ የተያዘባቸውን 269 የሰውና የድብ ግጭቶች መርምረው በ2012 አሳትመዋል። መሣሪያውን የተኮሱትና ይዘው ያልተኮሱት የመጎዳት ዕድላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። እዚያው አላስካ በ2008 ባሳተሙት ሌላ ጥናት የበርበሬ ስፕሬይ ቡናማ ድብን 92 በመቶ ጊዜ ከሚያደርገው ነገር አስቁሞታል። የሁለቱ ጥናቶች አጋጣሚዎች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማፎካከር አይቻልም። ቢሆንም በርበሬ በእኛ ቤት ብቻ እንደማያስለቅስ ማወቁ ደስ ይላል።

ደግሞስ አደጋው የሚበረታው መቼ ነው? ሙሱ ከወደቀ በኋላ። ግዳይ የጣለ ሰው ቆዳ ሲገፍና ብልት ሲያወጣ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ጎንበስ ብሎ፣ እጁ ደም በደም ሆኖ፣ ጠመንጃው ዛፍ ላይ ተደግፎ። ሽታው ደግሞ ነፋሱን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ስጋው ከሆድ ዕቃው ራቅ ተደርጎ ዙሪያውን ማየት በሚቻልበት ገላጣ ቦታ ይከመራል፤ ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ቢላዋ፣ ሌላው ጠመንጃ ይይዛል። ስፕሬዩም ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ደረት ላይ ይታሰራል፣ ደም የነካው እጅ ሳይፈልግ በሚያገኘው ቦታ።