የታዳጊዎች ሊግ ምንድን ነው? ለልጅ እድገት የሚበጀውስ በምን ይለያል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ኳስ የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ፣ ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላው አንድ ምርጫ ይመጣበታል፤ ልጁ በትምህርት ቤቱ ቡድንና በሰፈሩ የክረምት ውድድር ይቀጥል ወይስ በሳምንት ሦስት ቀን የሚያሠለጥን ፕሮጀክት ገብቶ በታዳጊዎች ሊግ ይሰለፍ? ጎረቤቱም አሰልጣኙም አብዛኛውን ጊዜ «ጠንከር ወዳለው ሊግ ውሰደው» ይላሉ። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም «ጠንካራ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ካልተብራራ ወላጁን የትም አያደርሰውም። እኔ በልጄ ምክንያት ጉዳዩን ለዓመታት ስከታተል የደረስኩበት፣ ሊግ ከሊግ የሚለየው ልጁ በአንድ የውድድር ዘመን በሚጫወተው ደቂቃ፣ ኳስ በሚነካበት ጊዜ ብዛትና በሚገጥመው ተጋጣሚ ተመጣጣኝነት ነው የሚል ነው።

ሊግ ማለት ተመዝግበው የገቡ ቡድኖች ሁሉ ተራ በተራ እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት፣ ያሸነፈ 3፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ የሚይዝበትና የነጥቡ ድምር ደረጃን የሚወስንበት የውድድር ዓይነት ነው። የታዳጊዎች ሊግ የሚባለው ደግሞ ከ13፣ ከ15 ወይም ከ17 ዓመት በታች ተብሎ የዕድሜ ጣራ የተቀመጠለት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በክረምት ከሚካሄዱት የሰፈር ውድድሮች ብዙዎቹ ግን በሰው አፍ ሊግ ቢባሉም አሠራራቸው ጥሎ ማለፍ ነው። 8 ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ቢገናኙ ጠቅላላው ጨዋታ 7 ብቻ ይሆናል፤ 4ቱ ቡድኖች አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ይሰናበታሉ፤ ዋንጫውን የሚያነሣው ቡድን እንኳ ከ3 ጨዋታ በላይ አያገኝም። እነዚያው 8 ቡድኖች በደርሶ መልስ ሊግ ቢገናኙ እያንዳንዳቸው 14 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ መጨረሻ የወጣውም አንደኛ የወጣውም እኩል 14። በጥሎ ማለፍ ቶሎ ቤቱ የሚገባው ደካማው ቡድን ነው፤ ተጨማሪ ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገውም እርሱ ነው። አሰልጣኙም ቢሆን አንድ ሽንፈት ሁሉን ነገር እንደሚያበቃ ስለሚያውቅ፣ ገና በመማር ላይ ያለውን ልጅ ለማሰለፍ አይደፍርም።

ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ፣ ደመናው ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ሊሸፍን ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ በአዋቂ ሜዳ፣ በአዋቂ ጎል፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሲጫወት ዳር ቆሜ ኳስ የነካበትን ጊዜ በደብተር ላይ በጭረት እቆጥር ነበር። በቀኝ መስመር ተሰልፎ በ25 ደቂቃ ውስጥ 9 ጊዜ ነካ፤ ከ9ኙ 3ቱ የእጅ ውርወራ ነበሩ። በቀረው ጊዜ ኳሷ ከወዲያ ማዶ ጭቃ ውስጥ ስትንከባለል እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያይ ነበር። በሳምንቱ ከሰፈር ልጆች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ስድስት ለስድስት፣ ሁለት ድንጋይ ጎል ተደርጎ ሲጫወት ቆጠራውን ደገምኩት፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ጭረቱ አርባን አለፈ። መለያም ዳኛም ያልነበረው ጨዋታ፣ ሁለቱም ከነበሩት ውድድር ይልቅ ልጄን ከኳስ ጋር ያገናኘው በዚያ ሳምንት ነበር።

ምክንያቱ የስፋት ጉዳይ ነው። 105 ሜትር በ68 ሜትር የሆነ ሙሉ ሜዳ ለ22 ተጫዋቾች ሲካፈል ለአንዱ ከ320 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሰዋል። ይህን ያህል ስፋት የአዋቂ ሳንባና የአዋቂ ጉልበት የሚፈልግ በመሆኑ፣ ልጆች ሲገቡበት ጨዋታው ረጅም ኳስ መትቶ መሮጥ ብቻ ይሆናል፤ ረጅም የሚመታውና ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ በአካል የቀደመው ልጅ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ይህን ተመልክቶ ከ9 እና ከ10 ዓመት በታች ላሉት ሰባት ለሰባት፣ ከ11 እና ከ12 ዓመት በታች ላሉት ዘጠኝ ለዘጠኝ የሚጫወቱበትን፣ ሜዳውም ጎሉም በዚያው ልክ የሚያንስበትን ደንብ አውጥቶ ለዓመታት ሠርቶበታል። በሰባት ለሰባት ጨዋታ የጎሉ ስፋት 3.66 ሜትር፣ ከፍታው 1.83 ሜትር ነው። የአዋቂው ጎል 7.32 በ2.44 ሜትር ነው። የአሥር ዓመት በረኛ በአዋቂው ጎል ሥር ቆሞ በራሱ ላይ ተሻግሮ በገባ ኳስ ሲሰደብ ማየት ያሳዝነኛል፤ አጥቂውም ከዚህ የሚማረው ወደ ላይ መምታትን ነው፣ ያም ዕድሜው ከፍ ሲል አይሠራለትም።

የደረጃ ሰንጠረዥም በዚሁ አንጻር ሊታይ ይገባዋል። በኖርዌይ የልጆች ስፖርት ደንብ መሠረት ልጆች 11 ዓመት የሚሞላቸው ዓመት ሳይደርስ የውጤት ሰንጠረዥ አይወጣም፤ የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽንም ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ትንንሾቹ ልጆች በጥቂት ተጫዋቾች፣ በትንንሽ ሜዳና ያለ ሰንጠረዥ እንዲጫወቱ አድርጓል። ይህ ልጆቹ ማሸነፍን አይፈልጉም ማለት አይደለም፤ ልጅ ውጤቱን ራሱ ይቆጥራል። ሰንጠረዡ የሚለውጠው የአዋቂውን ጠባይ ነው። ነጥብ የሚያሳድድ አሰልጣኝ ሁልጊዜ የሚያሰልፈው እነዚያኑ ሰባት ስምንት ልጆች ነው፤ ተከላካዩም ኳስ ይዞ ለመውጣት ሲሞክር «ምታና አውጣ!» የሚል ጩኸት ይሰማል።

ከሁሉ ይልቅ በአካባቢያችን ሳይነገር የሚታለፈው የዕድሜ ጣራው የሚቆጠርበት ቀን ነው። ዓለም አቀፉ የዕድሜ ውድድር የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ይውላል። ስለዚህ የእኛ ዓመት መካከሉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ልጄ የተወለደው በኅዳር 2005 ሲሆን የአጎቱ ልጅ የተወለደው በየካቲት 2005 ነው፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል ይማራሉ። በዚህ አቆጣጠር ግን ልጄ እ.ኤ.አ. የ2012 ተወላጆች ታናሽ ሲሆን የአጎቱ ልጅ እ.ኤ.አ. የ2013 ተወላጆች ታላቅ ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ሦስት ወር ቢሆንም አንዱ በየጨዋታው አሥር ወር ያህል ከሚበልጡት ጋር ይጋፋል፤ ሌላው ደግሞ አሥር ወር ያህል የሚያንሱትን ይገጥማል። አንድ አሰልጣኝ ልጄን አይቶ «ጋሼ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሰውነቱ ግን ገና ነው» ብሎ ሲመልሰኝ ትክክል የተናገረ መስሎኝ ነበር፤ የተናገረው ስለ ልደት ወር እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ይህ ክስተት አንጻራዊ የዕድሜ ተጽዕኖ ይባላል። በስፋት መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ከታተመ ጥናት በኋላ ሲሆን፣ በእግር ኳስ የታዳጊ ውድድሮችም ከመቁጠሪያው ቀን ቀጥሎ ባሉት ወራት የተወለዱ ልጆች ከቁጥራቸው በላይ ተመርጠው መገኘታቸው ተደጋግሞ ታይቷል። ታላቁ ልጅ ስለተመረጠ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፤ የተሻለ ሥልጠና ስላገኘም በእርግጥ ይሻላል፤ ከዚያ መራጩ «ትክክል ነበርኩ» ይላል። በጉርምስና ዕድሜ ላይ ደግሞ በአንድ ወር የተወለዱ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች፣ አንዱ ጢም ሲያበቅል ሌላው ገና የልጅ ሰውነት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ለዚህም ነው በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎች አንዳንድ ውድድሮችን በልደት ዓመት ፋንታ በአካል ዕድገት ደረጃ ማደራጀት የተሞከረው።

በእኛ ዘንድ ችግሩን የሚያብሰው የልደት ማስረጃ ነገር ነው። በወሳኝ ኩነት ኤጀንሲ ሥር የተደራጀው የልደት ምዝገባ በአገራችን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ዕድሜያቸው የሚታወቀው በወላጅ ቃል ወይም በክርስትናና በክትባት ካርድ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 በናይጄሪያ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም.አር.አይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል በሚያሳይ መሣሪያ) መመርመር የጀመረው ዕድሜ መቀነስ ዓለም አቀፍ ችግር ስለሆነ ነው። በሰፈር ሊግ ኤም.አር.አይ አይጠበቅም፤ ነገር ግን አዘጋጁ ምንም ማስረጃ የማይጠይቅ ከሆነ በውድድሩ የሚጎዳው ዕድሜውን በእውነት ያስመዘገበው ልጅ ነው።

ተጋጣሚው ተመጣጣኝ መሆኑም እንደ ደቂቃው ሁሉ ይቆጠራል። በ9 ለ0 የሚያልቅ ጨዋታ ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም ትምህርት የለውም፤ ያሸነፈው ያለ ጫና ይጫወታል፣ የተሸነፈው ኳስ ይፈራል። ስለዚህ ሊጉን ለመመዘን ያለፈውን ዓመት ውጤት ማየት ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ ጨዋታዎች በአንድና በሁለት ጎል ልዩነት ያለቁበት ሊግ፣ ስሙ ያነሰ ቢሆንም፣ ለልጁ ይሻላል። በዚያ ላይ «ፕሪሚየር» በሚባለው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ዝቅ ባለው ሙሉ ጨዋታ መጫወት ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚበልጥ መሆኑን ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

በአሜሪካ ይህ ንጽጽር ወላጆችን ብዙ ገንዘብና ብዙ ጉዞ ያስወጣል። በዚያ ፌዴሬሽኑ ያቋቋመው የልማት አካዳሚ ሊግ ከ2007 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ቆይቶ ሲዘጋ ሌላ ሊግ ወዲያው ተተካ። አካዳሚው በነበረበት ዘመን የውድድር ዘመኑን ወደ 10 ወር አራዝሞ ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው ቡድን እንዳይጫወቱ ከልክሎ ነበር። ይህን የማነሣው በእኛም አካባቢ ፕሮጀክት የገባ ልጅ በሰፈርና በትምህርት ቤት እንዳይጫወት የሚከለክሉ አሰልጣኞች ስላሉ ነው። ከጉዳት ለመጠበቅ ከሆነ ይገባኛል፤ ክልከላውን የሚያካክስ የጨዋታ ደቂቃ ካልሰጡት ግን ልጁን ከኳስ እያራቁት ነው።

በተቃራኒው ልጁ በሦስት ቡድን ሲሮጥ የሚደክምበትም አለ። በስፖርት ሕክምና ዘርፍ የሚሰጠው ምክር፣ የተደራጀ ልምምድና ውድድር የሚወስደው የሳምንት ሰዓት ከልጁ የዕድሜ ቁጥር እንዳይበልጥ ነው፤ ለ12 ዓመት ልጅ 12 ሰዓት ማለት ነው። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ሕመም የሚያነሣ በዕድገት ላይ ያለ ልጅ «ይሮጥበታል፣ ይለቀዋል» ሊባል አይገባም። መንገዱም ይታሰብ፤ ደሴ ወደ 2,500፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከባሕር ወለል በላይ ስለሆኑ፣ ከኮምቦልቻ በጠመዝማዛው ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ ወዲያው ሜዳ የሚገባ ልጅ በመጀመሪያው አጋማሽ ትንፋሽ ቢያጥረው ስንፍና አይደለም።

«ሊጋችን ከገባ ውጭ አገር እንልከዋለን» የሚል ቃል የሚሰጥ ካለ ደግሞ፣ የፊፋ ደንብ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎችን ሳይጨምር ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር እንደሚከለክል ወላጁ ይወቅ፤ ለዚህ ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ አይከፈልም።

በመስከረም ምዝገባ ከመደረጉ በፊት ወላጁ አንድ ቅዳሜ ልጁን ሳያስከትል ብቻውን ሄዶ የዚያን ሊግ አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመልከት። ዓይኑን ከጎበዙ ልጅ ላይ አንሥቶ ከቡድኑ በአካል ትንሹን ልጅ ይምረጥ፤ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ ኳስ ስንት ጊዜ እንደነካ፣ ሲሳሳት አሰልጣኙ ምን እንዳለው በደብተር ይጻፍ።