የጣና ነጭ ዓሣና በገባር ወንዞች ላይ የሚካሄድ ግንባታ

በጣና ዙሪያ ገበያዎች ነጭ ዓሣ እየተባሉ የሚሸጡት፣ በሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ለዚህ ጢስ ዓባይን ማመስገን ነው። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ መንገዱን ዘግቶታል። ላይ የቀሩት በየፊናቸው ተለወጡ። 8ቱ ዝርያዎች ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። እነዚህ ዓሦች ለሚመደቡበት፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው የካርፕ ቤተሰብ ይህ ብርቅ ነው።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል አንዳንዶቹን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በጽሑፍ አስተዋውቋል። ከዚያ በኋላ ስም ሲወጣላቸውና ሲሰረዝባቸው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዝርያ ናቸው ተብለው ተጠቃለሉ።

ነገሩን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራው ሥራ ነው። የኔዘርላንዱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሕር ዳር ተቀምጠው የዓሦቹን አፍ፣ ምግብና መኖሪያ አንድ በአንድ አጠኑ። በኋላ የባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሥራውን ተረክበው እስከ መገጭና ድርማ ወንዞች ድረስ አስፉት። ዛሬ ስለ ጣና ዓሣ የሚጻፍ ነገር ሁሉ የእነሱን ደጅ ሳይረግጥ አያልፍም። የዘረ-መል ጥናት የሚሠሩ አንዳንዶች በዝርያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው ይላሉ። እዚህ ግን 15 የሚለው ቁጥር ጸንቶ ይሠራበታል።

የግንባታው ጣጣ የሚጀምረው ከመራቢያው ነው። ቢያንስ 7ቱ ዝርያዎች ሐይቅ ውስጥ አይራቡም። ክረምት ሲገባ በወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰቡና ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል ዓባይን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠር አልጋና ኦክስጅን ያለው የሚሮጥ ውሃ ነው። እንቁላሉ ጠጠር መሃል ይገባል። ደለል ከለበሰው ይታፈናል። ስለዚህ መንገዳቸውን የሚዘጋው ግድብ ብቻ አይደለም የሚጎዳቸው። ለግንባታ ሲባል ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠርም መራቢያቸውን ይዞ ይሄዳል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እንዲህ ያለ ጉዳት ከግንባታው በፊት እንዲታይ ያዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅም አለ። ወረቀቱ አልጠፋም። ጥያቄው ባለሙያው ወንዙ ዳር የሚደርሰው መቼ ነው የሚለው ነው። በየካቲት የሄደ ሰው የሚያየው የቀጠነ ወንዝና ጥቂት ትናንሽ ዓሦች ነው። «እዚህ ይህ ነው የሚባል ዓሣ የለም» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ደግሞም ስህተት ነው። ዓሣው የሚመጣው መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው።

ደህና ግምገማ እንዲህ ይሠራል። የቀዳዳቸው ስፋት የተለያየ መረቦች በወንዙ አፍና ላይኛው ክፍል ማታ ይጣላሉ፣ ጠዋት ይነሳሉ። እያንዳንዱ ዓሣ በዝርያ ተለይቶ ይለካል፣ ይመዘናል። ሆዱን በአውራ ጣት ጫን ሲያደርጉት እንቁላል ወይም ነጭ ፈሳሽ ካፈሰሰ ሊራባ የደረሰ ነው። ከዚያ ሆዱ ይከፈትና እንቁላሉ ለብቻው ይመዘናል። የውሃው ሙቀት፣ ኦክስጅንና ድፍርስነት፣ የአልጋው ጠጠር አብሮ ይመዘገባል። ግንባታው ካለቀ በኋላ ይኸው ሁሉ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር ይደገማል።

ይህም ሆኖ «በፊት» የሚባለው ቁጥር ራሱ አደናጋሪ ነው። በሞተር ጀልባ የሚደረገው ማጥመድ እ.ኤ.አ. በ1986 ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ክምችት 75 በመቶ ገደማ ወረደ። አጥማጆች ለመራባት የሚወጣውን ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ ይጠብቁታል። ላይኛው ወንዝ ላይ ደግሞ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚበትን አለ። የርብ ግድብ ሥራ ሲጀመር ታዲያ ዓሣው ቀድሞውኑ ተመናምኖ ነበር። ያንን መነሻ ያደረገ ንጽጽር የግድቡን ጉዳት አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

ግድቦቹ ያለምክንያት አልተሠሩም። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ፣ 73 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ርብ ደግሞ እስከ 20,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስበው ነው። በሐይቁ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ውሃውን ለኃይል ማመንጫ ይቆጣጠራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቅ ሐይቁ በጣም ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጧል።

መፍትሔ ሲጠየቅ ቶሎ የሚነሳው የዓሣ መሰላል፣ ማለትም ዓሣ ግድቡን በደረጃ እየወጣ የሚያልፍበት የውሃ መተላለፊያ ነው። ርብን የሚያህል ግድብ ላይ ግን ብዙም ተስፋ አይጣልበትም። ዓሣው ቢወጣ እንኳ የሚያገኘው የቆመ ውሃ ነው። ከወንዝ ተፈልፍሎ የሚመለሰው ጫጩትም ያንኑ ግድብ ቁልቁል ማለፍ አለበት። የሚሻለው በክረምት በቂ ውሃ መልቀቅ፣ የወንዝ ዳር ቁፋሮን ከመራቢያው ወራት ማራቅና ያልተገደቡትን ወንዞች መተው ነው። ከእነዚህ ዋነኛው ጉማራ ነው። በበጋ የፎገራ ገበሬ ፓምፕ ሽንኩርቱን ለማጠጣት ውሃውን ይስበዋል። ጉማራ ላይም የግድብ ጥናት ተሠርቷል።