ኤንጂኦ እንሁን ብላችሁ ከመሯሯጣችሁ በፊት

ሰሞኑን አያትና ለገጣፎ አካባቢ የአረጋውያን ቤት የሚያድሰውም ለተማሪ ደብተር የሚያሰባስበውም የሰፈር ልጅ ሁሉ "እንመዝገብ" እያለ ነው፣ ደስ ይላል ግን የሚወራው ግማሹ ልክ አይደለም።

"እድራችን ኤንጂኦ ሆኖ ካልተመዘገበ ህገወጥ ነው።" ኸረ አይደለም! የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም ብሎ በግልፅ ትቷቸዋል።

"ማህበር በለው በቦርድ የሚመራ ድርጅት በለው ያው ነው።" ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ማህበር ቢያንስ 5 አባል ይፈልጋል፣ የመጨረሻው ስልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ማለትም አባላቱ ድምፅ ሰጥተው መስራች የተባልከውን አንተንም ከአመራር ሊያወርዱህ ይችላሉ። በቦርድ የሚመራውን ግን 2 መስራቾች ካሉ ማቋቋም ይቻላል፣ የበላዩ ቦርዱ ነው። ብዙዎች ማህበር የሚለው ስም ደስ ስላላቸው ብቻ አክስትና የአጎት ልጅ ሰብስበው አባል ያደርጋሉ፣ ከዛ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣ የለም፣ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፣ ስራው ይቆማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ነገ ብንጣላ የሚወስነው ማነው የሚለውን ተነጋገሩ፣ ቅርፁ ከዛ ይመጣል።

"እኔ ስላቋቋምኩት የኔ ነው" የሚልም አለ። ደሞዝ ሰርቶ ማግኘት ሌላ ነገር ነው፣ ትርፍ መከፋፈል ግን የለም። በተቃራኒው ደግሞ "ንግድ ውስጥ መግባት ክልክል ነው" የሚሉ አሉ፣ እሱም ስህተት ነው፣ አዋጁ ገቢ ማስገኛ ስራ ይፈቅዳል፣ ትርፉ ለዓላማው እስከዋለ ድረስ፣ ግብሩም እንደማንኛውም ነጋዴ ይከፈላል።

"የውጭ ብር ከድርጅቱ ገቢ 10 በመቶ ካለፈ መብት ላይ መስራት አይቻልም።" ያ የድሮው አዋጅ 621/2001 ነው፣ ቀርቷል።

ለአንድ ታማሚ ማሳከሚያ ብር ለመሰብሰብ ደግሞ ሙሉ ድርጅት አያስፈልግም፣ 5 ሰው ሆናችሁ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ማቋቋም ትችላላችሁ፣ ግን የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣንን ሳታስፈቅዱ ሳጥን ይዛችሁ መንገድ እንዳትወጡ።

የመጨረሻው የኛ ሰፈር ጣጣ ነው፣ "ሁሉም የሚመዘገበው ፌደራል ነው" የሚለው። አዲስ አበባ ላይ የምትቋቋሙ ወይም ከአንድ በላይ ክልል የምትሰሩ ከሆነ አዎ። ግን ለገጣፎ ሸገር ከተማ ውስጥ ነው፣ ሸገር ደግሞ ኦሮሚያ፣ ስራችሁ እዛው ብቻ ከሆነ ጉዳያችሁ ከክልሉ ጋር ነው። እዚህ አስፋልት ስትሻገር ክልል ትቀይራለህ፣ ስለዚህ ቢሮ ከመከራየታችሁ በፊት ቤቱ የየትኛው ወረዳ እንደሆነ አከራዩን ጠይቁት።