ከእንቁራሪት ቆዳ የሚገኙት ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይዶች ምንድን ናቸው?

በክረምት በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለ ረግረጋማ መስክ እንቁራሪት የያዘ እረኛ እጁ ላይ የሚቀረው ዝልግልግ ፈሳሽ ከቆዳዋ ዕጢዎች የሚመነጭ ነው፤ በበርካታ የእንቁራሪት ዝርያዎችም ይህ ፈሳሽ ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይድ የሚባሉትን ውሕዶች ይይዛል። ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል።

ግራ የሚያጋባው ከተለመደው አንቲባዮቲክ የሚለዩበት መንገድ ነው። ፔኒሲሊን ባክቴሪያው የሕዋስ ግድግዳውን እንዳይሠራ ሲያግድ፣ አብዛኞቹ ፔፕታይዶች ግን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው አሉታዊ ሙል ባለው የባክቴሪያ ሽፋን ላይ ተለጥፈው ይበሱታል፤ ስለዚህ ባክቴሪያው እነርሱን መላመድ ይከብደዋል፣ ፈጽሞ አይችልም ማለት ግን አይደለም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ዛስሎፍ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ባለጥፍር የአፍሪካ እንቁራሪቶች (ዘመዶቻቸው በኢትዮጵያ ደጋም ይኖራሉ) ንጹሕ ባልሆነ ውኃ ውስጥ እያሉ ቁስላቸው ሳያመረቅዝ መዳኑን አስተውለው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ከእንቁራሪቶቹ ቆዳ የተገኘውንና 23 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ማጋይኒን የተባለ ፔፕታይድ ይፋ አደረጉ። ከእርሱ ተሻሽሎ የተሠራው ፔክሲጋናን ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ቅባት ሆኖ ቢሞከርም፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1999 እ.ኤ.አ. ሳያጸድቀው ቀረ። ፔፕታይዶቹ በሰውነት ኢንዛይሞች ቶሎ ይፈርሳሉ፤ መጠናቸው ሲበዛም አንዳንዶቹ የሰውን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። መድኃኒቱ የሚታሰበውም በቤተ ሙከራ ተሠርቶና ተመጥኖ ነው እንጂ፣ እንቁራሪት ይዞ ቁስል ላይ ማሸት ጀርም፣ ምናልባትም መርዝ መጨመር ነው።