የሪዘርቮየር ጥራት ምንድን ነው? ከጥንት ባሕር ዳርቻ አሸዋ ነዳጅ የሚወጣውና የማይወጣው ለምንድን ነው?

የነዳጅ ዋጋ ዜና ላይ «ብሬንት በበርሜል ይህን ያህል ገባ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ብሬንት በሰሜን ባሕር፣ ከሼትላንድ ደሴቶች በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ የነዳጅ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ተገኘ፤ በ1976 ማምረት ጀመረ። ነዳጁን ይዞ የቆየው አለት በአብዛኛው ከ170 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ዳርና በዴልታ (ወንዝ ወደ ባሕር ሲገባ ደለሉን በሚጥልበት ቦታ) ላይ የተከማቸ አሸዋ ነው። ስለዚህ ነገሩን በእሱ ማስረዳት ይቀላል።

ብዙ ሰው ነዳጅ ከመሬት በታች ሐይቅ ሠርቶ የተኛ ይመስለዋል። አይደለም። ነዳጁ ያለው በአለቱ ውስጥ፣ በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል በቀሩ ጥቃቅን ክፍተቶች ነው። ይህን አለት ባለሙያዎች ሪዘርቮየር ይሉታል። ጥራቱ በሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ፖሮሲቲ ነው፤ ከአለቱ ውስጥ ስንት በመቶው ባዶ ቦታ እንደሆነ ይነግረናል። ሁለተኛው ፐርሚየቢሊቲ ነው፤ ክፍተቶቹ ተገናኝተው ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚያሳልፉ ያሳያል። የዚህኛው መለኪያ ዳርሲ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ውኃ በአሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለክቶ በ1856 ካሳተመው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ከሄንሪ ዳርሲ ነው። የዳርሲ አንድ ሺኛው ሚሊዳርሲ ነው።

ወሬው ሁሉ ስለ ፖሮሲቲ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ፐርሚየቢሊቲው ነው። ፖሮሲቲ ስንት ነዳጅ እንዳለ ይነግርሃል። ነዳጁ በደህና ፍጥነት ወደ ጉድጓዱ ይመጣል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ሁለተኛው ነው።

ጥራቱ መወሰን የሚጀምረው ገና አሸዋው ባሕር ዳር ላይ ሳለ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ማዕበሉ ያለ ዕረፍት ይመላለሳል። እህል በሰፌድ እንደሚበጠር አሸዋውን ያበጥረዋል። ጭቃውንና ደቃቁን አንሥቶ ወደ ጥልቁ ይወስዳል። የሚቀረው ንጹሕ፣ መጠኑ ተቀራራቢ፣ ሻከር ያለ አሸዋ ነው። ከዳርቻው ራቅ ሲባል የማዕበሉ ጉልበት ይደክማል። አሸዋው ይደቃል፤ ማይካ የሚባል ብልጭልጭና ስስ ማዕድን እንዲሁም ጭቃ ይቀላቀልበታል። ባሕር ወለል ላይ የሚኖሩ እንስሳትም እየቆፈሩ ንብርብሩን ያምሱታል። ከዚያ ካለፍን ጭቃ ብቻ ነው። የቅንጣት መጠን እዚህ ላይ ብዙ ይወስናል። የሌላው ነገር ሁሉ ሁኔታ እኩል ሆኖ ቅንጣቱ በግማሽ ቢያንስ፣ ፐርሚየቢሊቲው ወደ ሩብ ይወርዳል። ፖሮሲቲው ግን ምንም ላይነካ ይችላል።

ብሬንት ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ከንብርብሮቹ መካከል ራኖክ እና ኢቲቭ የሚባሉ ሁለት ተከታታዮች አሉ። ራኖክ ከዳርቻው ራቅ ብሎ የተከማቸ፣ ደቃቅና ማይካ የበዛበት አሸዋ ነው። ኢቲቭ ከላዩ የተደረበው፣ ማዕበል በኃይል የሚመታው የዳርቻ አሸዋ ነው። ዳርቻው ወደ ባሕሩ እየገፋ ስለሄደ ነው እንዲህ የተደራረቡት። ኢቲቭ በዳርሲ የሚቆጠር ፐርሚየቢሊቲ ሲኖረው፣ ራኖክ ብዙ ቦታ ላይ ከአሥር እስከ ጥቂት መቶ ሚሊዳርሲ ነው። ማይካው ቅጠል ቅጠል ሆኖ ጠፍጣፋውን ስለሚተኛ በተለይ ከላይ ወደ ታች ያለውን ፍሰት ያስቸግራል። ታዲያ ነዳጁን ለመግፋት ውኃ በሌላ ጉድጓድ ወደ አለቱ ሲጨመር፣ ውኃው በኢቲቭ በኩል ፈትለክ ብሎ አምራቹ ጉድጓድ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። ከሥሩ ራኖክ ውስጥ ያለው ነዳጅ ባለበት ይቀራል። የሰሜን ባሕር መሐንዲሶች ከዚህ ችግር ጋር ለዓመታት ታግለዋል። መነሻው የጥንቱ ማዕበል ጉልበት ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ አሸዋው በደለል ከተቀበረ በኋላ ነው። ገና የተከማቸ ንጹሕ አሸዋ ከ40 እስከ 45 በመቶ ክፍተት አለው። ከላይ ደለል ሲጫነው ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፤ ክፍተቱ ይቀንሳል። ማይካና የጭቃ ቁራጭ የበዛበት ደግሞ እየተጨፈለቀ የበለጠ ያጣል።

ቀጥሎ ሲሚንቶ ይመጣል። ግንበኛ የሚያቦካው ሳይሆን፣ ከውኃ ውስጥ ተለይቶ በቅንጣቶቹ መካከል የሚጠጥር ማዕድን ነው። ባሕር ዳር ዛጎል ስለሚበዛ ካልሳይት የሚባለው የዛጎልና የኖራ ድንጋይ ማዕድን የተለመደ ነው። ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው በደቡብ እንግሊዝ ዶርሴት፣ ዌስት ቤይ ያለውን ቢጫ ገደል ይመልከት። ብሪድፖርት የሚባል፣ እንደ ብሬንት አሸዋ ሁሉ በዳይኖሰሮች ጊዜ፣ በጁራሲክ ዘመን የተከማቸ አሸዋ ድንጋይ ነው። ለስላሳው ክፍል በዝናብና በንፋስ ተበልቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ካልሳይት ያጠነከራቸው ንብርብሮች ከታች እስከ ላይ እየተደጋገሙ ወደ ውጭ ወጥተዋል። እዚያው ዶርሴት ውስጥ፣ በ1973 በተገኘው ዊች ፋርም የነዳጅ ሜዳ፣ ይኸው አለት 900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነዳጅ ይዟል። እነዚያ ጠንካራ ንብርብሮች እዚያም አሉ፤ ነዳጁ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ ያግዱታል።

ወደ ጥልቁ ሲወረድ ጨዋታውን የሚወስነው ሙቀት ነው። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የአብዛኛው አሸዋ ማዕድን የሆነው ኳርትዝ በራሱ በአሸዋው ቅንጣት ላይ ማደግ ይጀምራል። ሙቀቱ ሲጨምር እድገቱም ይፈጥናል። ከ120 ዲግሪ በላይ ደግሞ ኢላይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ክር ክር እየሆነ በክፍተቶቹ ውስጥ ይበቅላል። አስቸጋሪው ይሄ ነው። ክሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ፖሮሲቲውን እምብዛም አይቀንሱም። መተላለፊያውን ግን ይተበትቡታል፤ ፐርሚየቢሊቲው ክፉኛ ይወድቃል። ፖሮሲቲን ብቻ አይቶ ጉድጓድ የቆፈረ ኩባንያ እዚህ ላይ ጉድ ይሆናል።

እንዲህም ሆኖ በጣም ጥልቅ ቦታ ላይ ጥሩ አሸዋ ይገኛል። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። ከመካከለኛው ኖርዌይ ባሻገር ባለው ባሕር፣ ቲልየ በሚባለው አለት ውስጥ፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በታች እንኳ ከ20 በመቶ በላይ ፖሮሲቲ የተለካባቸው ንብርብሮች አሉ። ምክንያቱ ክሎራይት ነው። ብረት የበዛበት ይህ ሸክላ ቅንጣቶቹን በስሱ ስለሸፈናቸው ኳርትዙ የሚያርፍበት ባዶ ገጽ አጣ። ብረቱን ወደ ባሕር ዳር ያመጡት ወንዞች ናቸው። ፉልማር በሚባለው ሌላ የሰሜን ባሕር አሸዋ ድንጋይ ደግሞ ተመሳሳዩን ሥራ የሠራው ስፖንጅ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው። ስፖንጆቹ ሲሞቱ ከሲሊካ (ኳርትዝ ከተሠራበት ነገር) የሆነው እሾሃቸው አሸዋው ውስጥ ቀረ። በኋላ ሟሙቶ በቅንጣቶቹ ላይ ደቃቅ የኳርትዝ ሽፋን ሆነ፤ ሽፋኑም ትልልቁ ኳርትዝ እንዳያድግ ከለከለ።

የፈሳሹ ግፊትም ያግዛል። ውኃው መውጫ አጥቶ ሲታመቅ የላዩን ጫና በከፊል ይሸከማል፤ ቅንጣቶቹም ብዙ አይጨፈለቁም። ኤልጊንና ፍራንክሊን የሚባሉት የሰሜን ባሕር ሜዳዎች ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት አላቸው። ሙቀታቸው 190 ዲግሪ ገደማ፣ ግፊታቸው ከ1,000 ባር በላይ ነበር። እንዲያም ሆኖ አምርተዋል።

በዚያው በጁራሲክ ዘመን የኢትዮጵያ ምሥራቅም በባሕር ተሸፍኖ ነበር። ኦጋዴን ውስጥ ሃማንሌይ የሚባለውን አለት ያስቀመጠው ይህ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነው። ሃማንሌይ ግን በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የዚህ ጥራት በሌላ መንገድ ይወሰናል። የኖራ ድንጋይ በውኃ ይሟሟል፤ ዶሎማይት ወደሚባል ማግኒዚየም ያለበት አለትም ይቀየራል። ክፍተቱ ሊዘጋም አዲስ ሊከፈትም ይችላል። ስለዚህ እዚያ ጂኦሎጂስቱ ከማዕበሉ ጉልበት እኩል፣ አለቱን ውኃ መቼና በየት በኩል አልፎ እንዳሟሟው ይጠይቃል።