«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ»

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ነው። ወሬው ጦርነት ነው። አንድ መንግሥት የሌላ አገር አገዛዝ ልጣል ብሎ ሲዘምት፣ የሚያቀርበው ምክንያት ምን ያህል ይታመናል? ክርክሩ ጦፈ። አጠገባችን የነበሩ አዛውንት ከብርጭቋቸው ጠረጴዛው ላይ ውኃ ጠብ አደረጉ። ጠረጴዛው ዘመም ያለ ነውና ውኃው ወደ እኔ ወረደ። «ጅቡ እዚህ፣ አህያዋ እዚያ» አሉ በጣታቸው እያሳዩ።

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ወንዝ ይጠጣሉ። «ውኃውን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» አላት። ውኃ ደግሞ ሽቅብ አይፈስም። አህያዋ ነገሩ ገባትና «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። «አያ» ታላቅ ወንድም በአክብሮት የሚጠራበት ቃል ነው። ልትበላ እንኳ አክብራ መጥራቷ ሁሌ አንጀቴን ይበላኛል።

እውነተኛ ምክንያት መልስ ሲያገኝ ያበቃል። ማመካኛ ግን አንዱ ሲፈርስ ሌላ ይወልዳል። ለእኔ የአባባሉ ፍሬ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ፣ የአንትራክስ መርዝ ምሳሌ ነው ብለው ትንሽ ብልቃጥ ከፍ አድርገው አሳዩ። የሳዳም ሁሴኗ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ተባለ። የተመድ መርማሪዎች ጊዜ ስጡን ቢሉም በማርች አሜሪካ ጦርነቱን ጀመረች። የተባለው ክምችት ሳይገኝ ሲቀር፣ ወሬው ወደ ዴሞክራሲና ነፃ ማውጣት ዞረ።

አንዱ ወጣት አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ ሳዳም እኮ አህያ አይደለም! በፈረንጆቹ 1988 እዚያው ኢራቅ፣ የኩርዶቹ ከተማ ሃላብጃ ላይ ሺዎችን በጋዝ ፈጅቷል።»

«ልክ ነህ ልጄ። ታዲያ ያኔ ማን ዘመተበት?»

ልጁ ያነሳው ቀላል ነገር አይደለም። ሳዳም ጨካኝ ነበር። ግን የሳዳም ግፍ የብልቃጡን ወሬ እውነት አያደርገውም። ቦምቡ ሲወርድ ደግሞ ከታች ያለው ሳዳም ብቻ አልነበረም።

እኛ ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። ኅዳር 1927 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር ግጭት ተነሳ። ቦታው የውኃ ጉድጓዶች ያሉበት ነው፤ እንደ ተረቱ፣ ውኃ። ጣሊያን በእኛው መሬት ሰፍራ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ ካሳ ክፈሉ አለችን። ጉዳያችንን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቀረብን። መስከረም 1928 ዓ.ም. ወረረችን። ባርነትን ላጠፋ፣ ላሠለጥናቸው ነው እያለች።

እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ የኢራቁን ጦርነት ይደግፋሉ ብላ ባወጣችው ዝርዝር ላይ የኢትዮጵያም ስም ነበረበት። ይሄ እስከ ዛሬ ያመኛል።