ዋይን ምንድን ነው?

የዕድራችን ጸሐፊ የአባላቱን መዋጮ የሚመዘግቡበት ፕሮግራም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሠራላቸው ልጅ ወደ ውጭ ከሄደ ቆይቷል፤ እንደገና የሚሠራው ቀርቶ እንዴት እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው የለም። ባለፈው ክረምት አሮጌው ኮምፒውተር ጨርሶ አልበራ ሲላቸው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ በፌስታል ይዘው ቤቴ መጡ። የተጫነበት ዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ ነው፤ ከሊኑክስ ቤተሰብ አንዱ።

«ልጄ፣ ይኼ የእኔን መዝገብ ይከፍትልኛል?»

«እንሞክረው ጋሼ» አልሁ እንጂ ይከፍታል ብዬ አፌን ሞልቼ አልተናገርሁም። ዋይን የሚባለውን ሶፍትዌር ጫንሁ፤ ከፍላሻቸው ላይ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረግሁ። ጥቂት ቆይቶ ያ የሚያውቁት ግራጫ መስኮት ከነአዝራሮቹ ብቅ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት።

ዋይን ማለት ለዊንዶውስ የተሠሩ ፕሮግራሞችን ዊንዶውስ በሌለበት ኮምፒውተር፣ ማለትም በሊኑክስ፣ በማክ ወይም በፍሪቢኤስዲ ላይ የሚያስኬድ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ምልክቱ ዘንበል ያለ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ቢሆንም ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው፤ ሲፈታ «ዋይን አስመሳይ አይደለም» ይላል። ስሙን በራሱ ስም የሚፈታ የፕሮግራመሮች ቀልድ ነው። በአማርኛ «አስመሳይ» ግብዝ ማለትም ስለሆነ ቀልዱ ለእኛ ትንሽ ሳያምር አይቀርም።

ለምን «አስመሳይ አይደለም» ማለት አስፈለገ? ብዙ ሰው የዊንዶውስ ፕሮግራም በሊኑክስ የማይሠራው ቋንቋው ስለማይገባ ይመስለዋል። ፕሮሰሰሩ ግን አንድ ነው። የጋሼ ፕሮግራም የአንድን አባል የወር መዋጮ ካለፈው ውዝፍ ጋር ሲደምር የሚሰጠው ትእዛዝ ለኢንቴል ወይም ለኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ዊንዶውስ ላይ ይሁን ሊኑክስ ላይ ሳይጠይቅ ይደምራል። ዋይን ይህን ክፍል አይነካውም፣ አይተረጉመውም። በዚህም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ፍጥነቱ አይጓደልበትም። እውነተኛ አስመሳይ የሚባለው ሶፍትዌር የሌላ ፕሮሰሰርን ትእዛዝ እያንዳንዱን እየፈታ የሚያስኬድ ነው፤ ያ ደግሞ ያዘግማል።

ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የፋይሉ አጠቃለል ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል ሁልጊዜ «ኤም» እና «ዜድ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን ቅርጹን የነደፈው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የማርክ ዝቢኮውስኪ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ሰውዬው እያንዳንዱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ግንባር ላይ እስከ ዛሬ ተፈርሞ ይገኛል። የሊኑክስ ፕሮግራም አጠቃለሉ ሌላ ስለሆነ ሊኑክስ ይህን ፋይል ሲያይ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ዋይን ጥቅሉን ፈትቶ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ላይ በሚገባው ቦታ ይዘረጋዋል።

ሁለተኛው ልዩነት ከባዱ ነው። ፕሮግራም በራሱ ፋይል መክፈት፣ መስኮት መሣል፣ ማተም አይችልም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ማለትም ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን፣ ይጠይቃል። እንደ ባለጉዳይ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ዕድሜውን ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ሲመላለስ የኖረ ባለጉዳይ ነው እንበል፤ ለፋይል መስኮት 3፣ ለኅትመት መስኮት 7 እንደሚሄድ፣ ምን ዓይነት ቅጽ እንደሚሞላ፣ ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጠው በቃሉ ይዞታል። ዋይን ያንኑ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊቱን ብቻ እንደገና ሠርቶታል። የመስኮቶቹ ቁጥር ያው ነው፤ ቅጹም ያው ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ግን ጉዳዩ የሚያልቀው በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በሊኑክስ ነው። ባለጉዳዩ ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

አስቸጋሪነቱ የሚታየው ትንንሹ ነገር ላይ ነው። አንድ ፕሮግራም የሌለ ፋይል ክፈትልኝ ቢል ዊንዶውስ ሁለት ዓይነት መልስ አለው፤ ፎልደሩ ኖሮ ፋይሉ ብቻ ከሌለ «ስሕተት 2»፣ ፎልደሩም ከሌለ «ስሕተት 3» ይላል። ሊኑክስ ለሁለቱም «የለም» የሚል አንድ መልስ ብቻ ነው የሚሰጠው። ዋይን እንግዲህ የጎደለው ፋይሉ ይሁን ፎልደሩ ራሱ አጣርቶ ትክክለኛውን ቁጥር መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም የሆነ ቦታ 3ን ሲሰማ ፎልደር የሚፈጥር፣ 2ን ሲሰማ ግን ዝም የሚል ፕሮግራም አይጠፋም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ የአንድን ፋይል ዕድሜ የሚቆጥረው ከጥር 1 ቀን 1601 ጀምሮ ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ሊኑክስ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 1970 ይጀምራል፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ማለት ነው። በሁለቱ መካከል 11,644,473,600 ሰከንድ አለ። ዋይን አንድ ቀን በጠየቁት ቁጥር ይህን ይደምራል ወይም ይቀንሳል። እኛ ሰባትና ስምንት ዓመት እየቀነስን የምንኖር ሰዎች ይህ ሥራ ብዙም አይደንቀን ይሆናል።

የፋይል ስምም አለ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ ነገር የለውም፤ ላቲኑ ግን አለው። ለዊንዶውስ በትልቅ ፊደል የተጻፈውና በትንሽ ፊደል የተጻፈው ስም አንድ ነው፤ ለሊኑክስ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ዋይን ስሙ በቀጥታ ካልተገኘ ፎልደሩን አገላብጦ ተመሳሳዩን ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። የዊንዶውስ ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሮቹ የጻፉት ጽሑፍ፣ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፤ የዋይን ሠሪዎች አያዩትም፤ አጋጣሚ ሆኖ ያየ ሰው ካለም ባየው ክፍል ላይ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ያንን መሥሪያ ቤት የሚያውቁት በባለጉዳይ በኩል ብቻ ነው። ከመስኮቱ ፊት ቆመው ይጠይቃሉ፤ መልሱን ይጽፋሉ። ባዶ ቅጽ ቢሰጠው ምን ይላል? ቁጥሩ ከመጠን በላይ ቢሆንስ? አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ቢዘጋስ? እነዚህን ጥያቄዎች አነስተኛ የሙከራ ፕሮግራሞች አድርገው ይጽፏቸዋል። ሙከራው መጀመሪያ የሚሄደው በእውነተኛው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ የመለሰው ትክክል ይባላል፣ ምንም ያህል እንግዳ ቢሆን። ከዚያ ያው ሙከራ በዋይን ላይ ይሄዳል። ዋይን ገና ያልደረሰበት መልስ «ለዋይን የቀረ ሥራ» የሚል ምልክት ተደርጎበት በፋይሉ ውስጥ በግልጽ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ዊንዶውስ ራሱ ከእትም እትም መልሱን ይቀይራል። ስለዚህ የሙከራ ጸሐፊዎቹ «ይህ የአሮጌው እትም ብልሽት ነው፤ ይታለፍ እንጂ አይቀዳ» የሚል ሌላ ምልክት አላቸው። ሌላው ስሕተት ግን ይቀዳል። ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ስሕተት ላይ ተደግፈው ከተሠሩ ስሕተቱን ማረም እነሱን መጣል ነውና።

ሥራው በ1993 ሲጀመር ዓላማው የዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ማስኬድ ነበር። መጀመሪያ ያስተባበረው ቦብ አምስታድ ነው፤ ከ1994 ወዲህ አሌክሳንደር ጁሊያርድ ይመራዋል። እትም 1.0 የወጣው ሰኔ 17 ቀን 2008 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ያፈጠነው ጨዋታ ነው፤ ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ በ2018 ፕሮቶን የሚባል በዋይን ላይ የተመሠረተ ሶፍትዌር አወጣ፤ በ2022 ገበያ የወጣው ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ መጫወቻ ሊኑክስ ላይ ሆኖ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን የሚከፍተው በዚሁ ነው። ለዕድር መዝገብ የሚጨነቅ ማን አለ፤ ጨዋታ ግን ገንዘብ ያመጣል። የእኛም መዝገብ በዚያው ተጠቀመ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። መስኮቱ ተከፈተ ብለን ደስ ሲለን የአባላቱ ስም መውጣት ባለበት ቦታ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ሥርዓተ ነጥብ ተዘባርቆ ወጣ። ጋሼ «መዝገቡ ተበላሸ!» ብለው ክው አሉ። አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የጋራ መመዘኛ ውስጥ፣ የገባው በ1999፣ በእትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ በአገራችን ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የፊደል ሶፍትዌር ሠሪዎች የእኛን ፊደል በላቲኑ ቁጥሮች ላይ እየሣሉ ያስቀምጡት ነበር፤ ሁሉም በየራሱ አደራደር። ፎንቱ ከሌለ ቁጥሩ ወደ ላቲንነቱ ይመለሳል። የአሮጌውን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ፈትቼ ፎንቱን አወጣሁና በዋይን የፎንት ፎልደር ውስጥ ከተትሁት። ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍተው ስሞቹ ተራ በተራ ተመልሰው ቆሙ፤ አንዳንዶቹ ያረፉ ሰዎች ናቸው፤ ጋሼ እየጠሩ ነፍስ ይማር ይሉ ነበር።

ቀጥሎ የመጠባበቂያ ቅጂ አዝራሩ መጣ። ፕሮግራሙ ቅጂውን የሚያስቀምጠው ድራይቭ ኤ ላይ ብቻ ነው፤ ማለትም ፍሎፒ ላይ። ላፕቶፑ ፍሎፒ የት ይኖረዋል። ዋይን ግን የድራይቭ ፊደላትን ለፈለጉት ፎልደር መስጠት ይፈቅዳል። አንድ ፎልደር ከፍቼ «ኤ» ብዬ ሰየምሁት፤ ዓይነቱንም ከዝርዝሩ ፍሎፒ የሚለውን መረጥሁለት። አዝራሩ ሲጫን ፕሮግራሙ ፍሎፒ ያገኘ መስሎት ጻፈ።

«ታዲያ ፍሎፒው የታለ?» አሉ ጋሼ ላፕቶፑን በጎኑ እያገላበጡ።

ሁሉም ነገር እንዲህ አይሳካም። የራሱን ድራይቨር፣ ማለትም ከሲስተሙ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ልብ ውስጥ የሚያስገባ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ፈቃዱን በዩኤስቢ ቁልፍ የሚያረጋግጥ የሒሳብ ሶፍትዌር ወይም ማጭበርበር የሚቆጣጠር የጨዋታ ሶፍትዌር፣ በዋይን ብዙውን ጊዜ አይነሣም። ባለጉዳዩ ከመስኮቱ ጀርባ ልግባ ሲል ጀርባው የሚያውቀው ቤት አይደለም። ተጠቃሚዎች ፕሮግራሞችን ሞክረው ደረጃ የሚሰጡበት የዋይን መዝገብ አለ፤ ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ እያለ ይወርድና መጨረሻው «ቆሻሻ» ይባላል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት እዚያ ማየት ይበጃል። በተቃራኒው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ እምቢ የሚላቸውን የ1990ዎቹን ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ዋይን ብዙ ጊዜ ይከፍታቸዋል።

«ለምን ቨርቹዋል ማሽን አልተጠቀምህም?» የሚለኝ አይጠፋም። ቨርቹዋል ማሽን በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር ማቆም ነው፤ በውስጡ እውነተኛው ዊንዶውስ ይጫናል። ዊንዶውስ 11 ብቻውን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል፤ የጋሼ ላፕቶፕ ጠቅላላ ሜሞሪው 4 ነው። ፈቃዱም በገንዘብ ነው። ለዕድር አይሆንም። ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ግን ነገሩ ይለያል። ሊኑክስ ላይ ተቀምጦ ለዊንዶውስ የሚጽፍ ፕሮግራመር ሥራውን በየሰዓቱ በዋይን ቢፈትሸው ብዙ ስሕተት ቶሎ ይይዛል፤ ለደንበኛ ከመስጠቱ በፊት ግን በእውነተኛው ዊንዶውስ ላይ፣ ቢያንስ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ መሞከር ግዴታው ነው። በዋይን አለፈ ማለት በዊንዶውስ ያልፋል ማለት አይደለም፤ በዋይን ወደቀ ማለትም እንዲሁ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዋይን ማግለያ አጥር የለውም፤ የዊንዶውስ ቫይረስ ቢነሣበት ተጠቃሚው የሚያየውን ፋይል ሁሉ ያያል። በተለምዶ ድራይቭ ዜድ የሚለው ፊደል መላውን የሊኑክስ ማከማቻ ያሳያል። የጋሼ ፍላሽ የሰፈሩን ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ ዞሮ የመጣ ስለሆነ ዜድን አነሣሁት፤ ፍላሹንም በጸረ ቫይረስ አስፈተሽሁት። ዜድን ማንሣቱ ለክፉ የተዘጋጀ ፕሮግራምን እንደማያግደው ግን ነግሬያቸዋለሁ።

የዋይን «ዊንዶውስ» በሙሉ፣ ፕሮግራሙም ፎንቱም፣ በአንድ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እሱንና «ፍሎፒውን» አንድ ላይ ጠቅልዬ በሌላ አዲስ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ጋሼ ፍላሹን በወረቀት ጠቅልለው ከዕድሩ ማኅተም ጋር በአንድ ሣጥን ቆለፉበት።